ዘይት የጠጣው ፍሬን

የወረዳው አስተዳዳሪ አቶ ዘርጋው የሞተር ሳይክላቸው የፊት ፍሬን ከተበጠሰ ቆይቷል። የኋላው ደግሞ በረገጡት ቁጥር ሲጢጥ እያለ ሰው ያስቅባቸው ነበር። ተቆጥተው መካኒክ ዘንድ ወሰዱትና «ዘይት አጠጣው!» አሉ።

መካኒኩም «ክቡርነትዎ፣ ፍሬን ዘይት ከነካው አይይዝም። የፍሬኑን ሸራ አውጥቼ አቧራውን ላጽዳው፤ ጩኸቱ ይጠፋል» ቢላቸው «እኔን ልታስተምረኝ ነው?» ብለው ዘይቱን ነጥቀው ራሳቸው አንቆረቆሩበት።

ፍሬኑ እውነትም ጸጥ አለ። በማግስቱ የገበያውን ቁልቁለት ሲወርዱ ግን ቢረግጡ ቢረግጡ ሞተሩ አልቆም አላቸው። «ኧረ ያዙኝ!» እያሉ ሲከንፉ፣ ከኋላ የቀሩት አማካሪዎቻቸው «አቤት ፍጥነት!» እያሉ አጨበጨቡ። አስተዳዳሪው ከነሞተራቸው ከብት የሚጠጣበት ኩሬ ውስጥ ገቡ።

ጭቃቸውን ሳይጠርጉ መካኒኩን አስጠርተው በሕዝብ ፊት አፋጠጡት። «ጥፋተኛው ማነው? እኔን ካልክ ትታሰራለህ፤ ራስህን ካልክ ጋራዥህ ይታሸጋል!»

«ጥፋተኛውስ ፍሬኑ ነው፣ ክቡርነትዎ» አለ መካኒኩ። «በፊት እየጮኸም ቢሆን ያቆምዎት ነበር። ዘይት ካጠጡት ወዲህ ግን ልክ እንደ አማካሪዎችዎ ሆነ፤ ኩሬው ፊት ለፊት እየታየው ዝም ብሎ ሸኘዎት።»