ባዶ ነው የተባለው ምንጭ

አንድ አጎናፍር የሚባል ባልደረባ ነበረ። በዚያ አገር ደንብ የባሕር ማዶ ሰው ንጉሥ ፊት ቀርቦ ራሱ አይናገርም፤ ጉዳዩን ይዞ የሚናገርለት ባልደረባ ይሰጠዋል። ባልደረባውም የሹመቱን በትር ሲቀበል፣ በእንግዳው ላይ ላይመሰክር ይምላል። አጎናፍር በዚህ ሥራ ሃያ ዓመት ኖሯል፤ አንደበቱ የተባ፣ የግቢውን ጠባይ እንደ ቤቱ ጓዳ የሚያውቅ ሰው ነው።

አንድ ቀን አንድ የባሕር ማዶ ነጋዴ መጣና፣ "ወይራ ውሃ የሚባለውን ምንጭ ንጉሡ ይስጡኝ፤ አጥሬ ቆዳ አለፋበታለሁ" አለው። አጎናፍር ጉዳይ ከመያዙ በፊት ቦታውን በዓይኑ ማየት ልማዱ ነውና በቅሎውን ጭኖ ሄደ። ምንጩ ዳር መቶ ሃያ አባወራ ሰፍሯል። ሴቶች በእንስራ ይቀዳሉ፣ ከብት ይጠጣል፤ ሌላ ውሃ በግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይገኝም።

ሲመለስ ነጋዴው፣ "ቦታው ባዶ ነው፣ ሰው የለበትም ብለህ አቅርብልኝ" አለው።

"ጌታዬ፣ ልመናዎን አቀርባለሁ፤ ግብር እንደሚከፍሉም እናገራለሁ። ባዶ ነው ግን አልልም።"

"ምን ቸገረህ? ቃሉ የኔ ነው።"

"ቃሉ የእርስዎ ነው፤ አፉ ግን የኔ ነው" አለ አጎናፍር።

በችሎቱ ቀን ልመናውን አሳምሮ አቀረበ። ንጉሡ ወደዱት። ቀጥለውም፣ "ለመሆኑ ቦታው ሰው አለበት?" ብለው ጠየቁ። ነጋዴው በጆሮው ሹክ አለው። አጎናፍር ባዶ ነው ቢል ውሸት ነው፤ ሰው አለበት ቢል መሐላውን ማፍረስ ነው።

"እንግዳህ ያለህን ተናገር እንጂ!" አሉ ንጉሡ።

"ይህንን አልናገርም፣ ጃንሆይ።"

ንጉሡ ተቆጡ። "እንግዲያስ በትርህን አስቀምጥ! ከመሐላህም ከሹመትህም ፈትቼሃለሁ፤ ውጣ!"

አጎናፍር በትሩን አኑሮ፣ እጅ ነስቶ ወጣ። መኳንንቱ "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" እየተባባሉ ሳቁበት፤ እነሱ መቼም በሰው ውድቀት መሳቅ አይታክታቸውም። እሱ ግን ወደ ቤቱ አልሄደም። የተበደለ ሁሉ የሚጮኽበት ደጅ ላይ ኩታውን አደግድጎ ቆመና ድምፁን ለቀቀው።

"አቤት! አቤት ጃንሆይ! የዳኛ ያለህ!"

አቤት ያለን ሰው ሳይሰሙ መመለስ ደግሞ በደንቡ ክልክል ነው። አስገቡት።

"ደግሞ ምን ቀረህ?" አሉ ንጉሡ።

"ቅድም መሐላ አስሮኝ ነበር፤ እርስዎ ፈቱኝ። አሁን እንደማንም ባላገር ልናገር። ባዶ ነው የሚባለውን ምንጭ መቶ ሃያ ቤት ይጠጣዋል። ካላመኑኝ ሰው ይላኩ፤ ዋሽቼ ከሆነ አንገቴ ይኸው!"

ሰው ተላከ፤ አይቶም መሰከረ። ነጋዴው ባዶ እጁን ተመለሰ፣ ሰዎቹም ከነምንጫቸው ቀሩ። ንጉሡ ግን ሹመቱን አልመለሱለትም። አጎናፍርም አልለመነም።

ወዳጄ፣ ስለ ሰው መናገርና መሟገት የከበረ ሙያ ነው። ነውሩ የቀጠረህ ሁሉ ሕሊናህንም የገዛ ሲመስለው እሺ ማለት ነው። ሹመትን የሰጠ ይነሣዋል፤ እውነት የምትናገርበትን አንደበት ግን አንተው ካላስረከብክ ማንም አይወስድብህም። አንተ ብትሆን ደጁ ላይ ቆመህ ትጮህ ነበር፣ ወይስ አንገትህን ደፍተህ ወደ ቤትህ?