የአቶ ወንድይፍራው ወይንና ስዕል

አቶ ወንድይፍራው መጀመሪያ ሕንፃ ሠራ፤ ከዚያ ወይን መጥመቅ ጀመረ፤ ይህም አልበቃ ብሎት ሠዓሊ ነኝ አለ። አንድ ቅዳሜ ወይኑን ሊያስቀምስ፣ ስዕሉንም ሊያሳይ የከተማውን ትልልቅ ሰው ጠራ። አዳራሹ ባዶ እንዳይሆንበትም የሕንፃውን ተከራዮች በግድ አስመጣ።

ከተከራዮቹ አንዷ ማንንም የማትፈራ ምላሰኛ ፀጉር ሠሪ ነበረች። ወይኑን ተጎንጭታ ስትውጥ አቶ ወንድይፍራው አያት።

«ወይን ቀማሽ አይውጥም!» ብሎ በሰው ፊት ጮኸባት። «አፍሽ ውስጥ ታንሸራሽሪውና እዚህ ባልዲ ውስጥ ትተፊዋለሽ። የሠለጠነ ሰው እንዲህ ነው!»

ራሱም እንትፍ አለ። እንግዶቹም እሱን አይተው ተራ በተራ እንትፍ እንትፍ አሉ።

ቀጥሎ ግድግዳውን ወደሞላው ስዕል ወሰዳት። ራሱን ነጭ ፈረስ ላይ አስቀምጦ ሥሎታል፤ ፈረሱ ግን ምስኪን፣ ሊስቅ ይሁን ሊያስነጥሰው አልለየለትም።

«በይ ፍረጂ» አላት። «ወይኔ ይበልጣል ስዕሌ? እኩል ናቸው ብሎ ማምለጥ የለም። ካስቀየምሽኝ ነገ የሱቅሽን ቁልፍ ታስረክቢኛለሽ።»

ሴትዮዋ ስዕሉን አየች፤ ባልዲውንም አየች።

«ወይኑ ይበልጣል፣ ጋሼ።»

«እንዴት ሆኖ?»

«ለወይኑስ መትፊያ አዘጋጅተውልናል። ስዕሉን ግን አንዴ አይተነዋል፤ የት እንተፋዋለን? እንደያዝነው ቤታችን ልንገባ ነው።»

ይህን ብላ የሱቁን ቁልፍ ከቦርሳዋ አወጣችና ባልዲው ውስጥ ጣለችለት።