በፈንታነሽ ጣቶች ላይ ስለ ተቆለፈው ወረንጦ

የብርሃን እናት እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም በግራር ዱር ደብር ለአንዲት ፈታይ ያደረገችው ተአምር ይህ ነው፤ እናንተ የምትሰሙ፣ እኔም የምናገር፣ ከጸሎቷ ጥላ አንውጣ፣ አሜን።

በዚያች ደብር ይመኙሻል የምትባል፣ የክርስትና ስሟም ወለተ ኪዳን የሆነ ሴት ነበረች፤ እመቤታችንንም ከልጅነቷ ጀምራ ትወዳት ነበርና ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ የሚሆን አንድ እንዝርት ጥጥ ሳትፈትል እህል ላትቀምስ ስእለት ተሳለች፣ ስትፈትልም ዘወትር «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል» እያለች ሰላምታ ታቀርብላት ነበር። ፈትሏም ቀጭንና እኩል ነበርና ቄሰ ገበዙ በሰንበት በምእመናን ፊት «የይመኙሻል ፈትል ያለበት ጧፍ አይጨስም» ብለው አመሰገኗት።

ይህን ቃል ጎረቤቷ ፈንታነሽ ሰማች፤ እርሷም ለጧፍ ትፈትል ነበርና፣ ገበዙም ስለ እርሷ አንድ ቃል አልተነፈሱምና፣ በአንጀቷ እሳት ገባ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስትፈትል ዓይኗ ከራሷ እንዝርት ይልቅ በጎረቤቷ እንዝርት ላይ ነበር፣ ሴቶች ይመኙሻልን በስሟ ሲጠሯት እንኳ ይከነክናት ነበር። ጠቢቡ ቅንዓት አጥንትን ያነቅዛል ያለው እውነት ነው፤ ወዳጆቼ፣ እኔም አውቀዋለሁ፣ ድምፁ ያማረ ባልንጀራዬ ሲቀድስ አሜን ማለት የከበደኝ ቀን ነበረ።

ከዚያም ይመኙሻል በዓይን ሕመም ተያዘች፤ የዓይን ቆቧ ፀጉር ወደ ውስጥ እየታጠፈ ብሌኗን ይወጋት ነበርና እንደ አገሩ ልማድ በየቅዳሜው ራሷን በፈንታነሽ ጭን ላይ ታሳርፋለች፣ ፈንታነሽም በወረንጦ ትነቅልላታለች። ምን ያደርጋል፣ ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ! ፈንታነሽ ፀጉሩን ከሥሩ መንቀል ትታ ከመካከሉ ትሰብረው ጀመር፤ የቀረውም ጉጥ እንደ እሾህ ዓይኗን እየጫረ አደፈረሰው፣ ፈትሏም መቋጠር ጀመረ። ቄሰ ገበዙ የዓይን ሐኪሞች ወደ ጤና ጣቢያው መጥተዋልና ሂዱ ብለው ባወጁ ጊዜም ይህች አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ «እታለም፣ እንዳትሄጂ፤ ዓይን ጎልጉለው ነው የሚያወጡት» አለቻት፣ እርሷም አምናት ቀረች።

በጾመ ፍልሰታም በቅዳሜ ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ይመኙሻል እንደ ልማዷ ራሷን አሳረፈችና «እመቤቴ ሆይ፣ ዓይኔን ለአንቺና ለፈንታነሽ አደራ ሰጥቻለሁ» ብላ ጸለየች። ፈንታነሽም ይህን እየሰማች ልትሰብር ወረንጦውን አቀረበች፤ ያን ጊዜ ጣቶቿ በወረንጦው ላይ ተቆለፉ፣ ልትከፍታቸውም አልቻለችም፤ ጎረቤት ተሰብስቦ በኑግ ዘይት አሻቸው፣ ጠበልም አፈሰሰባቸው፣ እምቢ አሉ። ፈንታነሽም ደንግጣ፣ ሰውን የከለከለችውን ጤና ጣቢያ ራሷ ጠርታ «ሐኪሞቹ ዘንድ ውሰዱኝ» ብላ ጮኸች፤ ይመኙሻልም አዝናላት፣ መንገዱ ደኅና አድርጎ ሳይታያት፣ የፈንታነሽን ነጠላ ጫፍ ይዛ አብራት ሄደች።

የዓይን ሐኪሟም የፈንታነሽን እጅ መርምራ ምንም ሕመም አጣችበት። ከዚያም የይመኙሻልን ዓይን በማጉያ መነጽር አይታ «እናቴ፣ ይህ የዓይን ሞራ አይደለም፤ ሞራ ቢሆን ኖሮ በዚያ ጥግ እንደ ተቀመጡት አባት የደፈረሰውን አውጥተን ሌላ ሌንስ እንተካልዎ ነበር። የእርስዎ ትራኮማ ነው፤ ቆቡን አደንዝዘን እንቀድድና ፀጉሩን ወደ ውጭ እንመልሰዋለን። አንድ ክረምት ቢቆዩ ኖሮ ግን ብርሃንዎ ይጠፋ ነበር፤ ይህ ፀጉር አልተነቀለም፣ ተሰብሯል። የሚነቅልልዎ ማን ነው?» አለቻት።

ይመኙሻልም «እኅቴ ናት፤ ክፉ አታስቢባት ልጄ፣ እጇ ስቶ ይሆናል» አለች።

«አልሳተም!» አለች ፈንታነሽ በጉልበቷ ወድቃ። «እያወቅሁ ነው የሰበርሁት። ያንቺ ፈትል ሲመሰገን አንጀቴ ያርር ነበር፤ ዳግመኛ እንዳትፈትዪ ብዬ ነው።» ይህንም በተናገረች ጊዜ ጣቶቿ ተፈቱ፣ ወረንጦውም ወለሉ ላይ ወደቀ፣ ያዩትም ሁሉ አደነቁ። ይመኙሻል ግን ፊቷን አዙራባት ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ገባች።

በማግሥቱ ፋሻው ሲነሣላት ይመኙሻል ዓይኗን ገለጠች፤ አስቀድማም ያየችው በበሩ ቆማ የምታለቅሰውን ፈንታነሽን ነበር። ብዙ ተመለከተቻትና «ያንቺም ፀጉር ታጥፏል» አለቻት። «ለምን አልነገርሽኝም? እነቅልልሽ አልነበር?»

ፈንታነሽም መሬት መሬት እያየች «እንደ እኔ ትሰብሪዋለሽ ብዬ ፈራሁ» አለች።

ይመኙሻልም ሌሊቱን ስታብላላው ያደረችው ቁጣ ከልቧ ወጣ፣ እንባዋም ፈሰሰ፤ ከዚያም እጇን ይዛ ሕሙማን ወደ ተሰለፉበት ወሰደቻትና «ነይ፣ ተራ ያዢ» አለቻት።

ፈንታነሽም ታክማ ዳነች፤ ሁለቱም የዓይን ቅባቱን እየተቀቡ፣ ፊታቸውን በንጹሕ ውኃ እየታጠቡ ወደ ደብራቸው ተመለሱና ስብሐት ለእግዚአብሔር እያሉ እመቤታችንን አመሰገኑ። ለእኛም፣ ይልቁንም ለእኔ ለተናጋሪው፣ የባልንጀራችን ምስጋና የማይከብደውን ልብ በአማላጅነቷ ታሰጠን፤ የታመሙትን ታድን፣ የሚያክሙትን እጆች ትባርክ፤ ለዓለመ ዓለም፣ አሜን።