የዓለቱ ባንድ

ልጆች፣ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ይህ የሆነው እንስሳት እንደ እኛ ይነጋገሩ በነበረበት ዘመን ነው።

ከአንድ ትልቅ ዓለት ሥር ሦስት ጓደኛሞች ይኖሩ ነበር፤ እመት ሽኮኮ፣ አያ ጃርትና ግንደ ቆርቁር። ሽኮኮ ትዘፍናለች። ጃርት እሾሁን ያንሿሿል። ግንደ ቆርቁር ባዶ ግንድ በመንቁሩ ይደልቃል። «የዓለቱ ባንድ» ተባሉ።

መጀመሪያ ከወንዝ ዳር ተጫወቱ። ጦጣ ሳቀችባቸው፤ ከርከሮ ጥሏቸው ሄደ። እስከ መጨረሻው የቆየችው ኤሊ ብቻ ነበረች።

«ወደድሽው?» አላት ጃርት።

«ኧረ እኔም ልሄድ ተነሥቼ ነበር፤ ሳልርቅ አለቀ» አለችው።

ሦስቱም በሳቅ ፈረሱ። በማግስቱም ተጫወቱ።

ቀጥሎ ከጫካው መሐል ተጫወቱ። ዝንጀሮ ልጇን አዝላ ጨፈረች፤ ሰጎን ከቆላ፣ አጋዘን ከደጋ መጣ። ዝናቸው ወንዝ ተሻገረ።

በሦስተኛው ጊዜ አንበሳ አስጠራቸው። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማና «አቤት የሽኮኮ ድምፅ!» አለ። ሌላ ምንም አልጨመረ።

ሽኮኮ ያቺን ቃል ይዛ ወጣች። «አድማጩ የሚመጣው ለእኔ ነው። ከእንግዲህ ብቻዬን እዘፍናለሁ» አለች።

«እኛስ?» አለ ጃርት።

«እናንተማ ከማንኳኳት በቀር ምን ታውቃላችሁ?»

የጃርት እሾህ ሁሉ ቆመ፤ ጀርባውን ሰጥቷት ጉድጓዱ ገባ። ግንደ ቆርቁር በርሮ ሄደ።

ሽኮኮ ብቻዋን ዘፈነች። ድምፅዋ ያው ነው፤ የሚያርፍበት ግን አጣ። አድማጩ አንድ በአንድ ተበተነ። ሁለቱም ያለ እሷ ሞከሩ፤ የሰማቸው ሁሉ በረዶ የመጣ መስሎት ወደ ዋሻ ሮጠ።

ከዚያ ሦስት ዓመት ዝናብ ጠፋ። ባገሩ አንዲት ኩሬ ቀረች። አንበሳ ከወዲህ፣ ጎሽ ከወዲያ ተፋጠጡ።

«ውሃው የእኔ ነው!» አለ አንበሳ።

«ቀንዴን አልፈህ ጠጣ!» አለ ጎሽ።

ከኋላቸው አገር ምድሩ ጥፍሩንና ቀንዱን አሾለ። ሽኮኮ ከዓለቱ አናት አየቻቸው፤ ሊተላለቁ ነው። ሮጣ ከጃርት ጉድጓድ ደረሰች።

«አያ ጃርት፣ በድዬሃለሁ። ያለ እናንተ እኔ ምንም ነኝ።»

ጃርት እሾሁን እንዳቆመ ከጉድጓዱ ብቅ አለ። ከጎኑ ካለው ዛፍ ላይ ግን ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ የሚል ተሰማ፤ ግንደ ቆርቁር ጀምሯል።

«በይ እንሂድ» አለ ጃርት።

ከኩሬዋ ዳር ቆመው ተጫወቱ። መጀመሪያ የጎሽ ጆሮ ዘወር አለ። ከዚያ የአንበሳ ጥፍር ተሰበሰበ። ዓለቱ ድምፁን ተቀብሎ መለሰው፤ ተራራው ሁሉ የሚዘፍን መሰለ። ጥንቸል በአንበሳ እግሮች መሐል አልፋ ጠጣች፤ የነካት የለም። ሚዳቋ ከነብር ጎን አጎነበሰች። አንበሳ እንኳ ወረፋ ያዘ!

ዝናቡ እስኪመጣም በየተራ ጠጡ።

እንግዲህ ልጆች፣ አብራችሁ የሠራችሁትን ማንም «ያንተ ብቻ ነው» ቢላችሁ አትመኑት። ያጠፋችሁ እንደሆነም ሳይመሽ ሂዱና ጓደኛችሁን ጥሩት።

እኔ የሰማሁት ይህን ነው፤ ቀሪውን እናንተ ኑሩት።