አህያዋና ባትሪ የምትበላው መኪናዋ

አንድ ጊዜ አሮጌ የጭነት መኪና የምትነዳ አንዲት አህያ ነበረች። መኪናዋ ቀለሟ ተላጦ፣ አንዱ በሯ በገመድ ታስሮ የምትሄድ ብትሆንም ጉልበቷ ገና ነበር። አህያዋ በየቀኑ ከመንደሯ ወደ ሸለቆው ትወርድና ከምንጩ ዐሥር በርሜል ውኃ ሞልታ ማዶ ተራራው ላይ ለሚኖሩት ፍየሎች ታደርሳለች። የፍየሎቹ ጉድጓድ በዚያ በጋ ደርቆ ነበር። ስለዚህ የመኪናዋ ጡሩንባ ከታች በተሰማ ቁጥር ግልገሎቹ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለሉ ይቀበሏታል።

ከዕለታት አንድ ቀን መኪናዋ አመል አወጣች። ረጅሙን መንገድ ስትመጣ ሞተሯ በጣም ስለሚግል፣ አህያዋ ምንጩ ጋ አጥፍታ ማቀዝቀዝ ነበረባት። በርሜሎቹ ሞልተው ቁልፉን ብታዞር «ቀጭ» ብላ ዝም። ደግማ ብታዞር አሁንም «ቀጭ»። እንደ ዕድል ሆኖ በምንጩ ዙሪያ የሚውሉ ዝንጀሮዎች ነበሩና እየዘፈኑ ገፍተው አስነሡላት።

በአካባቢው ያለው ጋራዥ የአያ ጅቦ ብቻ ነበር። ጅቡ ኮፈኑን ከፈት አድርጎ በአንድ ዓይኑ አየና፣ «ባትሪው ሞቷል» አለ። ሌላ ባትሪ ገጠመና ለድካሙ አንድ ጆንያ አጥንት ተቀበለ። ሳምንት ሳይሞላ መኪናዋ እንደገና አልነሣ አለች። ጅቡም እንደገና፣ «ባትሪው ሞቷል» ብሎ ሌላ ገጠመና ሌላ ጆንያ ወሰደ።

አህያዋ እንደሄደች ጅቡ አንገቱን እያከከ በጋራዡ ጥላ ሥር ወደተጋደመችው ወዳጁ ወደ እመት ቀበሮ ዞረ።

«ይቺ መኪና ግን ባትሪ ትበላለች ልበል?» አለ።

«ብትበላ አንተን ምን ቸገረህ?» አለች ቀበሮ። «ይልቅ አጥንት ስትግጥ ልትኖር ነው? የአህያ ሥጋ አያምርህም?»

የጅቡ ምራቅ ተንጠባጠበ። «ያምረኛል እንጂ። ግን እዚህ መንደር መካከል እንዴት አድርጌ እበላታለሁ?»

«መንደር ውስጥ ማን ብላ አለህ? በሚቀጥለው ስትመጣ አንዴ ብቻ የሚያስነሣ የደከመ ባትሪ ግጠምላትና ከኋላ በርሜሎቹ መካከል በተነጠፈው ሸራ ሥር ተደበቅ። ምንጩ ጋ ታጠፋዋለች። ከዚያ ስታዞረው ሞተሩ እምቢ ይላታል። ያኔ ብቅ ትላለህ። ዝንጀሮዎቹን እኔ ‹ከወንዙ ማዶ ሾላ በስሏል› ብዬ አርቅልሃለሁ።»

«ሞተሩ እምቢ ሲል ብቅ እላለሁ» አለ ጅቡ።

«እምቢ ሳይል እንዳትንቀሳቀስ፣ ካየችህ ትሮጥብሃለች። የኋላ እግሯ ደግሞ የእኔ ነው» አለች ቀበሮ።

ጅቡ እንዳይረሳው ሲል ቀኑን ሙሉ «ሞተሩ እምቢ ሲል፣ ሞተሩ እምቢ ሲል» እያለ ዋለ።

ከአምስት ቀን በኋላ መኪናዋ ለሦስተኛ ጊዜ አልነሣ አለች። ዝንጀሮዎቹ ገፍተው አስነሧት። አህያዋ ለፍየሎቹ ውኃውን አድርሳ፣ ሞተሩን ሳታጠፋ በቀጥታ ወደ ጋራዡ ሄደች።

«ባትሪው ሞቷል» አለ ጅቡ ከተቀመጠበት ሳይነሣ። «ነገ ጠዋት ሌላ ይዤ ራሴ ቤትሽ ድረስ መጥቼ እገጥምልሻለሁ።»

አህያዋ አንገቷን ደፍታ ቤቷ ገባች። ሞተሩን ማጥፋት ፈርታ ግቢዋ ውስጥ እንደተነሣ ተወችው። አጥሯ ሥር የሚኖረው አባ ኤሊ ጩኸቱን ሰምቶ ቀስ እያለ መጣ። አባ ኤሊ በጉልምስናው ዘመን ወፍጮ ቤት ውስጥ ሞተር ሲጠብቅ የኖረ ሽማግሌ ነበር።

«ልጄ፣ ለምን አታጠፊውም?» አላት።

«ካጠፋሁት አይነሣም፣ አባ ኤሊ። ባትሪው ሞቷል። ይኸው ሦስተኛው ነው። ነገ ደግሞ መንገድ ላይ ብቀር ግልገሎቹ ምን እንደሚጠጡ አላውቅም» አለች።

ኤሊው አሰብ አደረገ። «ሦስት ልጆች ተከታትለው ከከሱ፣ ጥያቄው እናትየው ወተት አላት ወይ ነው። ባትሪ ኃይል ያጠራቅማል እንጂ አያመነጭም። የሚያጠባው ዲናሞው ነው። እስኪ የፊት መብራቱን ግድግዳው ላይ አብሪና ነዳጅ ስጪው።»

አህያዋ እንደተባለችው አደረገች። ሞተሩ ጮኸ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ብርሃን ግን ሊያልቅ እንደደረሰ ሻማ ፈዞ ቀረ።

«ብርሃኑ አልጨመረም፣ አባቴ።»

«እንግዲያው ዲናሞው አላጠባም። አሁን ደግሞ ጆሮሽን ስጪኝ፤ የእኔ ዱሮ ደክሟል።»

አህያዋ ረጃጅም ጆሮዎቿን ወደ ሞተሩ አቅንታ አዳመጠች። ከሞተሩ ጩኸት ሥር ሌላ ቀጭን ድምፅ ነበር፤ ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ ይላል። ሞተሩን አጥፍታ ድምፁ የመጣበትን ብታይ ዲናሞውን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው ነው። በሰኮናዋ ጫን ብታደርገው እንደ ረገበ የጭነት ገመድ ዝቅ አለ።

«ይኸው፣ እየተንሸራተተ ነው። ዲናሞውን የሚያዞረው ለስሙ ነው» አለችና ፊቷ በራ። ወዲያው ብሎኑን አላልታ፣ ዲናሞውን ወደ ውጭ ስባ ቺንጋውን ወጠረችና መልሳ አጠበቀች። ኮፈኑን ልትዘጋ ስትል ግን አባ ኤሊ፣ «ቆይ» አላት። «አንድ ጥፋት ስላገኘሽ ሌላ የለም ማለት አይደለም። ሽቦዎቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣትሽ ተከተያቸው።»

«ጣት እንኳን የለኝም» አለች አህያዋ እየሣቀች፤ በከንፈሯ እየዳሰሰች ተከተለቻቸው። ባትሪውን ከመኪናዋ ብረት ጋር የሚያገናኘው ወፍራም ሽቦ፣ ብረቱ ላይ የታሰረበት ቦታ ዝጎ አረንጓዴ ዱቄት ለብሶ ነበር። ፈታችው፣ በሻካራ ድንጋይ ብረቱ እስኪያብረቀርቅ ፈገፈገችው፣ መልሳም አሰረችው።

«አሁን የሚያስነሣሽ ትንሽ ጉልበት ካገኘሽ ይበቃል» አለ ኤሊው። «ሌላውን መንገድ ላይ ዲናሞው ይሞላዋል።»

በማግሥቱ ጅቡ ባትሪውን ተሸክሞ መጣ። ፈጥኖ ገጠመና «መልካም መንገድ» ብሎ ወጣ። አህያዋ አባ ኤሊን ልትጠራ ዞር ስትል፣ ጅቡ በአጥሩ ቀዳዳ ተመልሶ ገብቶ መኪናዋ ላይ ወጣና ሸራው ሥር ተጋደመ። የሸራውን ጠርዝ ዐሥሩ ባዶ በርሜሎች ከግራና ከቀኝ ይዘውት ነበር።

አህያዋ ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ግር… ግር… ብሎ በመከራ ተነሣ። መብራቱን ግድግዳው ላይ አብርታ ነዳጅ ስትሰጠው ግድግዳው ወለል ብሎ በራ። አባ ኤሊ ራሱን ነቀነቀ። አህያዋ መብራቱን አጥፍታ እየዘፈነች መንገድ ጀመረች።

ምንጩ ጋ ስትደርስ ዝንጀሮዎቹ የሉም። ትንሽ ገረማት፤ ቢሆንም ሞተሩን አጥፍታ በርሜሎቹን በቱቦ መሙላት ጀመረች። ከየበርሜሉ የሚፈሰው ውኃ ሸራውን ዘልቆ ጅቡን አበሰበሰው። እሱ ግን «ሞተሩ እምቢ ሲል» እያለ በሆዱ እየደገመ አልተንቀሳቀሰም። በመጨረሻ አህያዋ ወደ መሪዋ ተመለሰችና ትንፋሿን ይዛ ቁልፉን አዞረች።

ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሣ።

ቀበሮዋ ከቋጥኙ ጀርባ ዘላ ወጣች። «አያ ጅቦ፣ ምን ትጠብቃለህ? ውጣ እንጂ» ብላ ጮኸች።

«እምቢ አላለም እኮ» አለ ጅቡ ከሸራው ሥር።

አህያዋ ሁለቱንም ሰማች። ወርዳ ልሩጥ ብላ አሰበች። ነገር ግን ሞተሩ ከእግሯ በታች በደህና እየተነፈሰ ነበርና ማርሽ አስገብታ ነዳጅ ረገጠች። ጅቡ አሁን ልውጣ ቢል ሞልተው የከበዱት በርሜሎች ሸራውን ከግራም ከቀኝም ቸንክረውበታል። መኪናዋ አቀበቱን ስትወጣ ቀበሮዋ አቧራ ውጣ ቀረች። ሾላ አጥተው የተመለሱት ዝንጀሮዎችም እዚያው አገኟትና እስከ ሸለቆው ጫፍ አሳደዷት።

ተራራው ላይ አህያዋ ጡሩንባዋን ሳታቋርጥ እየነፋች ደረሰች። ቀንዳሞቹ ፍየሎች መኪናዋን ከበቡ። ሸራው ሲገለጥ ጅቡ እንደ ታጠበ ጆንያ ተጨማዶ ተገኘ።

«እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለው አውራው ፍየል።

ጅቡ የቀንዶቹን ብዛት አየና፣ «ባትሪውን… ልከታተል ብዬ ነው» አለ።

«ባትሪውማ ደህና ነው፤ ዲናሞው አጥግቦታል» አለች አህያዋ።

ፍየሎቹ ዐሥሩንም በርሜሎች በጅቡ ጫንቃ አስወርደው፣ ዳግመኛ በዚያ መንገድ እንዳይታይ አስምለው በእግሩ ሸኙት። ግልገሎቹ ጠጥተው ሆዳቸው እንደ ከበሮ ሲወጠር ጭፈራ ጀመሩ። አህያዋ ከጭፈራው መካከል እየወጣች ሞተሩን ታጠፋና ታስነሣዋለች፤ እንደገና ታጠፋና ታስነሣዋለች። ሁልጊዜም ይነሣል። ለምን እንዲህ እንደምታደርግ ሲጠይቋት፣ «እንዲያው ድምፁ ደስ ስለሚለኝ ነው» አለቻቸው።

ከዚህ የምንማረው ችግር በገጠመን ጊዜ የደከመውን ብቻ እየለወጥን ከመኖር ይልቅ ያደከመውን በትዕግሥት አይተንና አዳምጠን ከሥሩ ብናቃና፣ መንገዳችን እንደሚቀናና በእኛ መቸገር የሚጠቀሙም ባዶ እጃቸውን እንደሚቀሩ ነው።