ነፋስን የተካፈሉት አህያና ጃርት

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ጆሯችሁን ወደ እኔ፣ ልባችሁን ወደ መንገዱ። ተረት ተሸክሜ መጥቻለሁ፤ «አውርደው» በሉኝ። እሺ፣ ላውርደው።

በድሮ ዘመን፣ እንስሳት ሁሉ ብስክሌት በሚነዱበት ጊዜ፣ አንዲት ምንጭ ነበረች። በበጋ ውኃዋ ስለሚያንስ እንስሳቱ «እኔ ልቅደም፣ እኔ ልቅደም» እያሉ ይረጋገጡ ነበር። ሽማግሌው አባ ጉሬዛ ይህን አይተው «ከመረጋገጥ መሽቀዳደም ይሻላል» ብለው ፈረዱ። በጋው ሦስት ወር ነውና ውድድሩም ሦስት ቀን ሆነ። በየቀኑ ያሸነፈ አንድ አንድ ወር ከነዘመዶቹ ቀድሞ ይጠጣል። የሦስተኛው ቀን ግን ከሁሉ ይበልጣል፤ ሦስተኛው ወር ምንጯ ልትደርቅ የምትቃረብበት ወር ነው። ያኔ ከኋላ የመጣ የሚያገኘው ጭቃ ነው።

በየዓመቱ የሚያሸንፈው አቦሸማኔ ነበር። ቀኑን ሙሉ በመንጋው መሀል ተሸሽጎ ይነዳል፤ ነፋሱ ሌሎቹን ይመታል፣ እሱ ያርፋል። መድረሻው ሲታይ ብቻ ብድግ ብሎ ይፈተለካል። ያኔ የሚደርስበት የለም።

አህያ ግን ባለፈው በጋ ውርንጭላው ጭቃ ጠጥታ ሆዷን ታማበት ነበር። ስለዚህ «ዘንድሮስ ቀድሜ እገባለሁ» አለ።

በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ከመነሻው፣ ከመንጋው አፈትልኮ ወጣ። ነዳ፣ ነዳ፣ ነዳ። ሜዳው መሀል ሲደርስ ነፋስ ፊት ለፊት ቆመበት።

«አያ አህያ፣ ወዴት ነው?»

«ወደ መድረሻው።»

«ብቻህን?»

«ብቻዬን።»

«እንግዲያው ሙሉ ጉልበቴ ላንተ ነው። ለአንድ ስሆን ሙሉ ነኝ፤ ለሁለት ስካፈል ግን ግማሽ ነኝ።»

ነፋስ ገፋው፣ አህያም ደከመ። መድረሻው ሲታየው መንጋው ደረሰበት፣ ዋጠው፣ አለፈው። አቦሸማኔም ከመሀል ተፈትልኮ ወጥቶ አሸነፈ።

በሁለተኛው ቀን አህያ ወደ ጃርት ሄደ። ጃርትም ዓመት ዓመት ጭቃ የምትጠጣ ናት።

«እመት ጃርት፣ አብረን እንውጣ?»

«እንውጣ፣ አያ አህያ።»

አፈትልከው ወጡ። ነዱ፣ ነዱ፣ ነዱ። ነገር ግን ጃርት ከፊት ስትሆን አህያ እሾኳን ፈርቶ ራቅ ይላል። አህያ ከፊት ሲሆን ደግሞ ጃርት «እሾኬን ፈርቶ የራቀኝን እኔስ ለምን እጠጋዋለሁ» ብላ ተቀይማ ትርቃለች። ነፋስም በመሀላቸው እየገባ ሁለቱንም ለየብቻ መታቸው።

«ተካፈሉኝ ብዬ ነበር» አለ ነፋስ፤ «እናንተ ግን እጥፍ አደረጋችሁኝ።»

መንጋው ደረሰባቸው፣ ዋጣቸው፣ አለፋቸው። አቦሸማኔም አሸነፈ።

ማምሻውን ሁለቱ ከአንድ ግራር ሥር ተቀመጡ። አህያ አንገቱን ደፍቶ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ፈራሁሽ» አለ።

ጃርት እሾኳን በእጇ አጠፍ አደረገች። «እሾኬን አጥፌ በመቀነት ባስረውስ?» አለች። «ግን ታስሬ ሳለ ነብር ቢመጣብኝ ምን አለኝ?»

«እኔ አለሁልሽ። የአህያ እርግጫ ቀላል አይደለም።»

ጃርት ሳቀች። ዓመት ሙሉ ስትስቅ ያያት አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን እሾኳን አጥፋ፣ በመቀነቷ ጠፍንጋ አስራ መጣች። አፈትልከው ወጡ። አህያ ከፊት ሲሆን ጃርት ከጎማው ኋላ ተጠጋች፤ እሱ ሲደክም እሷ ከፊት ወጣች፣ እሱ ተጠጋ። ነፋስ ለሁለት ተካፈለና ግማሽ ሆነ። ዳገቱን ወጡ፣ ቁልቁለቱን ወረዱ። አህያ ደስ ብሎት ማናፋት ጀመረ፤ ጃርትም «ትንፋሽህን ቆጥብ እንጂ» እያለች አብራው አንጎራጎረች።

በመንጋው ውስጥ አቦሸማኔ ተጨነቀ።

«አያ ጅቦ፣ ፊት ውጣና አሳዳቸው» አለ።

«ከትናንት በስቲያ አሳደድኩ፣ አንተ አሸነፍክ። ትናንት አሳደድኩ፣ አንተ አሸነፍክ። ዛሬ ፊቱ ያንተ ነው» አለ ጅብ። ቀበሮም ዝንጀሮም እግራቸውን አላሉ።

አቦሸማኔ ተናዶ ብቻውን ወጣ። ነፋስም «ብቻህን?» አለው፣ ሙሉ ጉልበቱንም ሰጠው። አቦሸማኔ ግን አቦሸማኔ ነውና ደረሰባቸው። መድረሻው በታየበት ቦታ ትንፋሹ ጃርት ጀርባ ላይ ተሰማ።

ጃርት መቀነቷን አየች። ብትፈታው እሾኳ የአቦሸማኔን ጎማ ይበሳው ነበር። እጇን ወደ ቋጠሮው ላከች። ከዚያ መለሰችው።

«በእግሬ ነው የምቀድመው» አለች። «አያ አህያ፣ እስከዚህ አብረን መጣን። ከዚህ ወዲያ ሁሉም ለራሱ ነው፤ እንዳታዝንልኝ።»

«አላዝንልሽም፤ አንቺም እንዳታዝኝልኝ።»

ሦስቱም ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። የአቦሸማኔ እግር ነፋስ በልቶት ነበርና ተሳሰረ። አህያና ጃርት ጎን ለጎን፣ ትከሻ ለትከሻ ከነፉ። መስመሩ ላይ ሲደርሱ አህያ አንገቱን ሰገግ አደረገ። በከንፈሩ ቀደማት።

አባ ጉሬዛ «አሸናፊው አህያ ነው። ከነዘመዶቹ ቀድሞ ይጠጣል» ብለው ፈረዱ።

«እንግዲያው ዘመዴን ልጥራ» አለ አህያ። «ነይ፣ እመት ጃርት።»

አባ ጉሬዛ ጢማቸውን ዳሰሱ። «አህያና ጃርት በምን ይዛመዳሉ?»

«በነፋስ» አለ አህያ።

አባ ጉሬዛ እስኪያነቡ ሳቁ፤ ፈቀዱም። በዚያ በጋ ውርንጭላና የጃርት ግልገል ከአንድ ምንጭ ጥሩ ውኃ ጠጡ። አቦሸማኔም እያለከለከ መጥቶ «ለከርሞ ነፋሱን ታካፍሉኛላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። «ፊት ከወጣህ» አሉት።

ለዚህ ነው አበው፣ ነፋስን የተካፈሉ ውኃ አይነፋፈጉም የሚሉት።

ተረቴ ወደ እናንተ፣ አንድ ጣሳ ውኃ ወደ እኔ።