የጋሽ ጓንጉል ሽጉጥ ድልድዩን ሲሻገር

ልጀምር ነው፤ የሚያስነጥሰው ካለ አሁኑኑ ያስነጥስ። ከመሃል ካቋረጣችሁኝ ከመጀመሪያው ነው የምነሣው፣ ይህ ወሬ ደግሞ በተነሣ ቁጥር ይረዝማል።

ደጋ በር እና ቆላ በር የሚባሉ ሁለት ጎረቤት ክልሎች ነበሩ። በመካከላቸው አንድ ወንዝ፣ በወንዙ ላይ አንድ ድልድይ፣ ከድልድዩ ማዶ በቆላ በር በኩል ደግሞ መንገዱን ዘግቶ የተወጠረ አንድ ገመድ አለ። የደጋ በሩ ጋሽ ጓንጉል በዚያ ቀን የፈለጉት ትንሽ ነገር ነው፤ ያንን ገመድ ማለፍ። ልጃቸው ይታይሽ ቆላ በር፣ አሁን ከምትኖርበት አክስቷ ቤት ልትዳር ነው። ሙሽራው መኪናውን በአበባ አስጊጦ ደርሷል። እሷ ግን "የአባቴን ጉልበት ሳልስም፣ እሱም ሳይመርቀኝ ከዚህ ቤት አልወጣም" ብላ ተቀምጣለች።

ጋሽ ጓንጉል ደግሞ ብቻቸውን አልመጡም። እንደ ልማዳቸው ከኮታቸው ሥር ሽጉጥ ሻጥ አድርገዋል። ሌባ ፈርተው አይደለም፣ ጠላትም የላቸውም። ሰው፣ ይልቁንም የሙሽራ አባት፣ ወገቡ ላይ ከበድ ያለ ነገር ከሌለው ሰው ይንቀዋል ብለው ነው። ሰው እንዳያየው ደበቁት፤ ሰው እንዲያውቀው ደግሞ በየሦስት እርምጃው ይነካኩታል። የገመዱ ዘብ ልየው ከሩቅ ሲያያቸው ቆይቶ ገመዱ ጋ ሲደርሱ እጁን ዘረጋ።

"ጋሼ፣ ወገብዎ ላይ ምንድን ነው?"

"ወገቤን ያመኛል።"

"ሕመሙ እጀታ አለው።"

ጋሽ ጓንጉል በላስቲክ የተጠቀለለ ፈቃዳቸውን መዘዝ አደረጉ። "ሕጋዊ ነኝ! ፎቶዬም አለበት!"

ልየው ቀስ ብሎ አነበበው። "ይኸውልዎ፣ 'በደጋ በር ክልል ውስጥ' ይላል። ፈቃዱ ትክክለኛ ነው። ግን ድልድዩን የተሻገሩት እርስዎ እንጂ እሱ አይደለም። እኛ ጋ በልብስ ሥር የተደበቀ መሣሪያ ያለ እኛ ወረቀት አይገባም።"

"እንግዲያው አውጥቼ በእጄ ልያዘው?"

"ኧረ እንዳያደርጉት!"

ዘቡ አላሳልፍም አለ፤ ጋሽ ጓንጉል ከገመዱ ወዲህ ቀሩ፤ ይታይሽም አባቴ ሳይመጣ አልወጣም አለች።

ወረቀቱን የምትጽፈው ስንዱ ናት፤ ቢሮዋ ከገመዱ ወዲህ፣ አጠገቡ ያለችው ቆርቆሮ ቤት ናት። ጋሽ ጓንጉል ሮጥ ብለው ገቡ። "ልጄ፣ አንድ ወረቀት ጻፊልኝ፤ ሴት ልጄን ልድር ነው።"

"እንኳን ደስ ያለዎት! መጻፉንስ እጽፋለሁ" አለች ስንዱ፣ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች። "ግን ማህተም የማያርፍበት ወረቀት ብጽፍ ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ባለማህተሙ እሺ ይበሉ።"

ጸሐፊዋ አልጽፍም አለች፤ ዘቡ አላሳልፍም አለ፤ ጋሽ ጓንጉል ከገመዱ ወዲህ ቀሩ፤ ይታይሽም አባቴ ሳይመጣ አልወጣም አለች።

ባለማህተሙ አቶ አድማሱ ከጎን ባለው ክፍል ናቸው። ማህተሙን በሰንሰለት ከኪሳቸው ጋር አስረውታል፤ ሲያስሉ እንኳ በእጃቸው ይደግፉታል።

"የማላውቀው ሰው ይዞት ለሚገባ ሽጉጥ ላትም?" አሉ። "ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር ማንን ልይዝ ነው? የቆላ በር ነዋሪ ዋስ ያምጡ።"

ባለማህተሙ አላትምም አሉ፤ ጸሐፊዋ አልጽፍም አለች፤ ዘቡ አላሳልፍም አለ፤ ጋሽ ጓንጉል ከገመዱ ወዲህ ቀሩ፤ ይታይሽም አባቴ ሳይመጣ አልወጣም አለች። ይህን ጊዜ ስልካቸው ጮኸ። ቀድመው ሠርጉ ቤት የገቡት ሚስታቸው ወይዘሮ አዛለች ናቸው።

"የት ነህ አንተ ሰውዬ? ዘፋኞቹ ያንኑ ዘፈን ለሦስተኛ ጊዜ ጀመሩት!"

"ደርሻለሁ፣ ደርሻለሁ፤ እዚሁ ነኝ" አሉና ስልኩን ዘጉት።

ከቢሮው ጀርባ፣ ወንዙ ዳር፣ እማማ ደብሪቱ የሚባሉ የቆላ በር አሮጊት የጎመን መደብ አላቸው። ጋሽ ጓንጉል ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሡ። "እማማ፣ ዋስ ይሁኑኝ።"

"ፊትህ ደህና ሰው ይመስላል፤ እሆንህ ነበር" አሉ እማማ ደብሪቱ ወደ መደቡ እየጠቆሙ። "ግን ያቺን ፍየል ጎመኔ ውስጥ ትቼ ንቅንቅ አልልም። አስወጣልኝና እመጣለሁ።"

ጋሽ ጓንጉል ፍየሏን "ውጪ!" አሏት።

ፍየሏ ቅጠሏን አላምጣ እስክትጨርስ አስጠበቀቻቸው። "ጎመኑ ጣፍጦኛል። አንተ ደግሞ ራስህን አንዲት ገመድ ማሳለፍ ያቃተህ ሰው ነህ፤ እኔን ልታዝዝ? የምወጣው ውሻው ካባረረኝ ብቻ ነው።"

ፍየሏ አልወጣም አለች፤ እማማ ደብሪቱ ዋስ አልሆንም አሉ፤ ባለማህተሙ አላትምም አሉ፤ ጸሐፊዋ አልጽፍም አለች፤ ዘቡ አላሳልፍም አለ፤ ጋሽ ጓንጉል ከገመዱ ወዲህ ቀሩ፤ ይታይሽም አባቴ ሳይመጣ አልወጣም አለች።

ውሻው ድልድዩ ሥር፣ ጥላ ውስጥ ተኝቷል። አንድ ጆሮው ከመሃል የተቀደደ ነው።

"ና ያቺን ፍየል አባርርልኝ" አሉት ጋሽ ጓንጉል።

ውሻው አንድ ዓይኑን ገለጠ። አሸተታቸውና ወደ ኋላ ሸሸት አለ። "ያ ነገር ወገብዎ ላይ እያለ አልነሣም፣ ጋሼ።"

"ፈቃድ አለኝ እኮ!"

"ጆሮዬ ማንበብ አይችልም" አለ ውሻው። "አምና እዚህ ሠርግ ነበር። የሙሽራይቱ አባት ልጄ ወጣች ብሎ፣ ደስ ብሎት ወደ ሰማይ ተኮሰ። ጥይቷ ሰማይ ላይ አልቀረችም፤ ተመልሳ ጆሮዬን ቀደደችው። አጠገቤ አንዲት ሕፃን ቆማ ነበር። ጥይቷ ሁለት ጣት ያህል ወደዚያ ብትል ኖሮ..."

ጋሽ ጓንጉል እጃቸውን ከወገባቸው ላይ አነሡ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ልጃቸው ስትወጣ ሁለት ጥይት ወደ ሰማይ ሊለቁ ከሌሊት ጀምሮ ሲያስቡ ነበር። ለማንም አልተናገሩም፤ አሁን ግን አፈሩ።

ውሻው አላባርርም አለ፤ ፍየሏ አልወጣም አለች፤ እማማ ደብሪቱ ዋስ አልሆንም አሉ፤ ባለማህተሙ አላትምም አሉ፤ ጸሐፊዋ አልጽፍም አለች፤ ዘቡ አላሳልፍም አለ፤ ጋሽ ጓንጉል ከገመዱ ወዲህ ቀሩ፤ ይታይሽም አባቴ ሳይመጣ አልወጣም አለች። ስልኩ እንደገና ጮኸ።

"ሙሽራው ከመኪናው ወርዶ ጎማውን በእርግጫ እየመታ ነው" አሉ ወይዘሮ አዛለች፤ ድምፃቸው እንደቅድሙ ቁጣ የለበትም። "ልጅህ እያለቀሰች ነው፣ ጓንጉል። አባቴ ምን ሆኖ ነው እያለች ነው።"

ጋሽ ጓንጉል ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ። ወደ ኋላ ዞሩና ድልድዩን ወደ ደጋ በር ተሻገሩ፤ የክልላቸው ፖሊስ ጣቢያ እዚያው ጫፉ ላይ ነው። ፈቃዳቸውን አሳይተው ሽጉጡን በአደራ ሰጡ። ፖሊሷ ጥይቶቹን አወጣች፣ ሽጉጡን ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት፣ ደረሰኝም ሰጠቻቸው። ሲመለሱ እጃቸው በልማድ ወደ ወገባቸው ይሄድና ባዶውን ቀበቶ ነክቶ ይመለሳል። ሱሪያቸውም ትንሽ ወረደባቸው።

ውሻው አሸተታቸውና ብድግ አለ። ውሻው ሲነሣ ፍየሏ እግሬ አውጪኝ አለች፤ ፍየሏ ስትወጣ እማማ ደብሪቱ ዋስ ሆኑ፤ እማማ ዋስ ሲሆኑ ባለማህተሙ እሺ አሉ፤ ባለማህተሙ እሺ ሲሉ ጸሐፊዋ ጻፈች፤ ጸሐፊዋ ስትጽፍ ማህተሙ ዷ! አለ፤ ማህተሙ ዷ ሲል ጋሽ ጓንጉል ወረቀቱን እያውለበለቡ ገመዱ ጋ ደረሱ።

ዘቡ ልየው ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። "'አቶ ጓንጉል አንድ ሽጉጥ ይዘው እንዲገቡ ተፈቅዶላቸዋል።' ጥሩ። ሽጉጡስ?"

"ማዶ ለፖሊስ አደራ ሰጥቼዋለሁ።"

ልየው ወረቀቱን አየ። እሳቸውን አየ። ገመዱን ወደ መሬት ዝቅ አደረገና "ጋሼ" አለ፣ ሳቁን እየዋጠ፣ "ሽጉጥ ላልያዘ ሰው ምን ወረቀት ያስፈልገዋል? ጠዋት እዚያው አስቀምጠውት ቢመጡ ኖሮ እኮ 'እንኳን ደህና መጡ' ብዬ ነበር የማሳልፍዎ።"

ከኋላቸው እማማ ደብሪቱ ናቸው፣ አቶ አድማሱ ናቸው፣ ስንዱ ናት፣ ውሻውም አለ፤ ሁሉም አፍጥጠው ያዩዋቸዋል። ጋሽ ጓንጉል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አውቄ ነው" አሉ። "የእማማ ጎመን አሳዝኖኝ ነው።"

እንዲህ ብለው ሮጡ። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው በአንድ እጁ ሱሪውን ይዞ ሲሮጥ አይታችሁ አታውቁም። ግቢው ሲደርሱ ዘፋኞቹ ድምፃቸው ዘግቷል፣ ሙሽራው ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሏል። ይታይሽ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ጉልበታቸውን ሳመች፤ እሳቸውም እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው መረቋት። ከዚያ ተነሣችና በሁለት እጇ ወገባቸውን ጥብቅ አድርጋ አቀፈቻቸው። እንዳቀፈቻቸውም ቀና ብላ አየቻቸው።

"አባዬ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳቅፍህ የሚወጋኝ ነገር ነበር። ዛሬ የት ሄደ?"

"ይወጋሽ ነበር እንዴ?" አሉ ጋሽ ጓንጉል፤ ከዚያ ሰው ሁሉ እያያቸው አለቀሱ።

የእኔ ድርሻ እስከዚህ ነው፤ ጭፈራው የእናንተ።